ሠላሳ ላይ

«ከጅማ ወንበር እንጂ ሯጭ አይወጣም» አሉት፣
«አየሩ ወፍራም ነው፣ ሳንባ አያሠራም» አሉት።
ወንድሜ ነዚፍ መልስ አልሰጣቸውም፤
በዐሥር ሺው ሜትር ደርቦ አለፋቸው እንጂ፣ ዞሮም አላያቸውም።

ያን ቀን ነው ወኪሉ ትከሻውን የያዘው፣
«እግርህ ሰዓት ነው፣ አይዘገይ፣ አይፈጥን» እያለ ያፈዘዘው።
«አሯሯጭ ሁንልኝ፣ እስከ ሠላሳ ድረስ፤
ከዚያ ዳር ያዝና ቁም፣ ሒሳብህ እስኪደርስ።»

ዐሥራ አንድ ዓመት።
በፍራንክፈርት ውርጭ፣ በኢስታንቡል ድልድይ፣
በዱባይ ጎዳና ገና ጎህ ሳይታይ፣
ንፋሱን በደረቱ ለሌላ ሰው ከፍሎ፣
ሠላሳ ሲሞላ ከመንገዱ ገለል ብሎ፣
የሚርቁትን ጀርባዎች ቆሞ ያሳልፋል፤
ካቋረጡት ጋራ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ያንቀላፋል።
ደረቱ ላይ ቁጥር አይለጥፉለትም፤
ሥራውን ይጽፋሉ፣ ስሙን አይጽፉለትም።

አልዋሽም፣ በልተንበታል፦
ጣራችን የፍራንክፈርት ነው፣ የእህቴ ትምህርት የኢስታንቡል፤
ይቺም ባጃጅ የዱባይ ናት፣ ማን ሮጠባት ብትል።

እናታችን ሻፊያ፣ መንደራ፣ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ፊት፣
«ልጄ እየመራ ነው!» ብላ ሰፈሩን አስነሥታ፣
አንድ የሳሙና ማስታወቂያ አልፎ ስታይ፣ ልጇ የለም በቦታ።
«ወደቀ? ታመመ? ምን አገኘው ልጄን?»
በየዓመቱ ነው የምትጠይቅ ይህን።
አስረዳናት። «ገባኝ» አለች።
በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ጠየቀች።
አንዴ ብቻ፣ ባቄላ እየፈለፈለች፣
ቀና ሳትል፣ «የጀመርከውን የሚጨርስልህ ማነው?» አለች።

ሠላሳ ስምንት ሲሞላው፣ ወኪሉ ስልክ አያነሣም፤
ነዚፍ ብሎኬት ማምረቻ ከፈተ፤ የሩጫ ነገር አያነሣም።
ከዚያ ባንድ እሑድ፣ ሌሊት፣ በሬን አንኳኳ፦
«ተነሥ፣ ያጋሮን መንገድ በቆጣሪህ ለካ!»

ከስታዲየሙ በር ስንነሣ ካፊያ ነበረ።
ኬላው ላይ ትራፊኩ «ባጃጅ አይወጣም» ብሎ ተከራከረ፤
ነዚፍ ግን አልቆመም። የኔ መቶ ብር እዚያው ቀረ።
የቡን ሲያልፍ ትንፋሹ እንደ ስፌት መኪና፣
ከመስጊድ የወጡ አባት «ማን ያባርረዋል?» አሉኝ።
«ማንም» አልኩ፣ ነዳሁና።

ሠላሳ ላይ ግን
እግሩ ሳይነግረው ወደ ዳር ወጣ።
ቆመ። እጁን ወገቡ ላይ ጣለ፣ አውቶቡሱ እንደሚመጣ።
ጥሩንባ አልነፋሁም። ሞተሩን አጠፋሁ፤
ውኃው ከሸራው ጫፍ ሲንጠባጠብ አየሁ።
የሚርቁ ጀርባዎች የሉም ከፊቱ፤
ጭጋግ ብቻ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ ባዶው አቀበቱ።

ከዚያ፣ ሮጦ እንደማያውቅ ሰው፣
አንድ እግር። ሌላ እግር።
ሠላሳ አራት ላይ አስታወከ።
ሠላሳ ሰባት ላይ እንደ ሽማግሌ ተራመደ።
አርባ ላይ ወኪሉን፣ አስፋልቱን፣ እኔንም ሰድቦ፣
እያነከሰ ሄደ።

መቶ ዘጠና አምስቷን ሜትር ቆጣሪዬ አያሳይም፤
በእርምጃ ቆጠራት። ሪባን የለም፣ ዳኛ የለም፣
አንድ አጨብጫቢ አይታይም።
አንዲት ልጅ ብቻ፣ አቮካዶ ከምራ፣
«ስንት ኪሎ?» አለችው ሚዛኗን አዙራ።
«አርባ ሁለት» አላት፣ ጉልበቱን ይዞ እየሳቀ።
«አርባ ሁለት ኪሎ! በምንህ ትሸከመዋለህ?»
«በእግሬ» አላት፣ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ሦስት ኪሎ ገዛን።
ማታ እናታችን ፌስታሉን ፈትታ፣
«ሽልማቱ ይሄ ነው?» አለች፣ አንዱን ባውራ ጣቷ ነክታ።
እሱ እግሩን ጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል።
«ገና ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ» አለች፣
መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረች፤
ዞር ብላ እግሩን አየች።